የደምሴ ጉርድ ፎቶ

ባለፈው ሳምንት ቢሮ ውስጥ የአንዷ ባልደረባዬ ቻርጀር ሶኬት ላይ እንደተሰካ ተቃጠለ። ጭሱ ብዙም አልነበረም። ሰዉ መስኮት ከፈተ፣ ሶኬቱን ነቀለ፣ ትንሽ ተሳሳቀና ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ ግን ተነሥቼ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። የተቃጠለ ፕላስቲክ በሸተተኝ ቁጥር ልጅ ሆኜ ያደግኩባት መካነ ሰላም ነኝ። ክረምት ነው፤ ጾመ ፍልሰታ ገብቷል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ እናቴ ከኮምፒውተሩ ፊት ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛለች።

ቤታችን ከገበያው ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚያወጣው መንገድ ዳር ነበር። እናቴ፣ ሰዉ እትዬ አስረበብ የሚላት፣ የመንገድ በኩሏን ክፍል ጽሕፈት ቤት አድርጋት ነበር። ማመልከቻና የኪራይ ውል ትጽፋለች፣ ፎቶ ኮፒ ታደርጋለች፣ ግድግዳው ላይ በተወጠረ ሰማያዊ ጨርቅ ፊት ሰው አስቀምጣ ጉርድ ፎቶ ታነሣለች። አባቴ ቄስ ይመር ከቅዳሴ መልስ በሩ አጠገብ ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ባለጉዳዮቿን ያጫውታል።

ኮምፒውተሩን ከደሴ አስጭኖ ያመጣው ወንድሜ ደምሴ ነው። በዕድሜ በብዙ ይበልጠኛል፤ እኔ በዚያ ክረምት ገና ወደ አራተኛ ክፍል የተዛወርኩ ልጅ ነበርኩ። እናቴን ከታይፕራይተር ወደ ኮምፒውተር ያሻገራትም እሱ ነው። ማሽኑ ሲያስቸግር በካቻቢቴ ጎኑን ይከፍተውና አጠገቡ አስቁሞ ያስተምራታል።

«መጀመሪያ ከውጪ ጀምሪ እማዬ። ሶኬቱን እዪ፣ ኬብሉን እዪ። ከዚያ ነው ወደ ውስጥ የምትገቢው። አንድ ነገር ለውጠሽ ሞክሪ፤ ሁሉንም አንዴ አትነካኪ።»

«አንተ እያለህልኝ ምን አስጨነቀኝ?» ትለዋለች እየሳቀች።

አሥረኛ ክፍልን ሲጨርስ ነጥብ አልመጣለትም። ጥቅምት ላይ ደሴ ሥራ ልፈልግ ብሎ ወጣ። ስልክ የደወለው ግን ከአፋር፣ ከሎጊያ ነው። «ነገ እንሻገራለን። ከዚያ ወዲያ ስልኬ አይሠራም፤ አታስቡ» አለ። ወደ ሳዑዲ እየሄደ መሆኑን የነገረን ያን ጊዜ ነው። እኔ የማውቀው መሻገር የበሽሎን ድልድይ መሻገር ስለነበር፣ ወራቱ አልፈው ሳይደውል ሲቀር፣ ምን ዓይነት ረጅም ድልድይ ቢሆን ነው እያልኩ እገረም ነበር።

እንድሪስ የሚባል ልጅ ከጅቡቲ በኩል ተመልሶ፣ መናኸሪያው አጠገብ አጎቱ ቤት ታሞ ተኝቷል የሚል ወሬ የደረሰን በክረምቱ መሀል ነው። እናቴ ጃንጥላዋን ይዛ እኔን አስከትላ ሄደች። ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ አንድ ሽማግሌ ካፖርት ደርቦ ተጋድሟል። እንድሪስ የታለ ብዬ ዓይኔን አማተርኩ። ሽማግሌው አፉን ሲከፍት ድምፁ የጎረምሳ ሆነብኝ። እንድሪስ እሱ ነበር።

እናቴ አልጋው አጠገብ ተቀመጠችና የወንድሜን ነገር ነገረችው። እሱም ሳሉ በየመሀሉ እያቋረጠው መለሰላት።

«ከዚህ ከኛው ወረዳ ከቦረና የመጡ ሁለት ልጆች አብረውን ነበሩ። አንዱን በረሃው ላይ ቀብረነዋል። የውኃ ጥም ነው። አንዱ ጀልባው ላይ ወጥቷል፤ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ስማቸውን አታውቅም?»

«እትዬ፣ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ስሙን ይለውጣል። ክርስቲያኑም የሙስሊም ስም ይይዛል። አንዱ ዓሊ ነኝ ይል ነበር፣ አንዱ ከማል። ማን ምን እንደነበረ እኔ አላውቅም።»

«መልኩስ? የሞተው?»

«ጠይም ነው። ቀጭን፣ ረዘም ያለ።»

«ሌላኛውስ?»

«እሱም እንደዚያው ነው። እዚያ ስንደርስ ሁላችንም ቀጭን ነበርን።» ከዚያ እንድሪስ ክንዱን ተደግፎ ቀና ለማለት ሞከረ። «ፎቶ ካለዎት ያምጡልኝ። ፊት አልረሳም። ወላሂ፣ እነዚያን ፊቶች አልረሳም።»

ስንወጣ አጎቱ እስከ ደጅ ሸኘንና ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ «የአቀስታው መንገድ በጭቃ ተይዞ ነው እንጂ ደሴ ሆስፒታል ልንወስደው ነው። መኪና እንዳለፈ እንሄዳለን። ሊያሳዩት የሚፈልጉት ነገር ካለ ቶሎ ይሁን» አላት።

ከእናቴ ጋር እየተፈራረቀ የከተማውን ሰው ሁሉ ፎቶ ያነሣ የነበረው ወንድሜ የራሱ ፎቶ ቤታችን ውስጥ አልነበረም። የነበሩትን ጉርዶች ይዟቸው ሄዷል። ትምህርት ቤት ፋይል ውስጥ ያለው፣ ገና አንደኛ ደረጃ እያለ የተነሣው፣ ራሱን የተላጨ ሕፃን ነው። አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር። ሊሄድ ሰሞን ሰማያዊው ጨርቅ ፊት ተቀመጠና ካሜራውን ለኔ ሰጥቶ፣ «ቀጥ አድርገሽ ይዘሽ ተጫኚው» አለኝ። ፎቶውን ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገብቶታል፤ አላተመውም። እናቴ ይህን ታውቃለች። ግን መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፤ ስለዚህ መጠበቅ ነበረብን።

መብራቱ የመጣው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ስንጓጓ ስለነበር ኮምፒውተሩ ከዲቫይደሩ እንደተሰካ ነበር። አምፖሉ መጀመሪያ ፈዘዘ፣ ቀጥሎ ዓይን እስኪወጋ ነጣ። ከጠረጴዛው ሥር ጧ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሽታው ተከተለ። እናቴ ዘላ ሶኬቱን ነቀለችው። ከዚያም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች።

ቆይታ፣ አምፖሉ ሲረጋጋላት፣ ልክ እንደተማረችው ከውጪ ጀመረች። የጠረጴዛውን መብራት በዚያው ሶኬት ሰካችው፤ በራ። የኮምፒውተሩን ኬብል ነቅላ የስክሪኑን ኬብል ሰካችበት፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው። ቁልፉን ተጫነች። ምንም የለም። ትንሿ አረንጓዴ መብራት አልበራችም፤ ፋኑም አልተንቀሳቀሰም። ጎኑን በካቻቢቴ ፈትታ አፍንጫዋን አስጠጋች። ሽታው የሚመጣው ከኋላ፣ ከላይ በኩል ካለው የብረት ሣጥን ነበር። ኃይል የሚያድለው ፓወር ሳፕላይ ማለት እሱ ነው። ወፍራሙን የሽቦ እስር ከማዘርቦርዱ ላይ ነቀለችና፣ ሣጥኑን ለብቻው ልትሞክረው አንድ የወረቀት መያዣ ሽቦ አቃንታ አረንጓዴውን ገመድ ከጥቁሩ ጋር አገናኘችው።

«አሁን ሶኬቱን ስኪልኝ» አለችኝ። «ደምሴ፣ ፋኑ ከዞረ በሕይወት አለ፣ ካልዞረ ሞቷል ይል ነበር።»

ሰካሁት። ሁለታችንም ፋኑን አየን። አልዞረም።

ማታ ከራት በፊት አባቴ ሲገባ ማሽኑ ሆዱ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጋቢውን ሳያወልቅ ቆሞ አየው።

«ተይው አስረበብ» አላት።

«ለምን?»

«እንድሪስ ሁለት ናቸው ብሎሻል። አንዱ ተሳፍሯል። እኔ እሱን ይዤ ነው የማድረው።»

እናቴ ካቻቢቴውን አስቀመጠች። አባቴን በአንቱታ ነበር የምታናግረው፤ በዚያ ማታ ግን ድምጿ ውስጥ አክብሮቱ አልነበረም።

«በጸሎት ስሙን የሚጠሩት ከየትኞቹ ጋር ነው? ካሉት ነው ወይስ ካለፉት?»

«ካሉት ጋር ነው እንጂ።»

«ካለፉት ከሆነስ? ሌላው ሰው ሲሞት ፍትሐት ይደረግለታል፤ ሰው ይላቀስለታል። የእርስዎ ልጅ ይኸው ይኼን ሁሉ ወር ማንም ሳያለቅስለት አሸዋ ውስጥ ተኝቶ ከሆነስ?»

አባቴ ራቱን አልበላም። በማግሥቱ ግን ከቅዳሴ መልስ ቤት ሳይገባ ጭቃውን አቋርጦ ሄዶ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር የሚያስተምረውን መምህር ኑሩን ያመጣው እሱ ራሱ ነው።

መምህር ኑሩ የደምሴ መምህር የነበረ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ርእሰ መምህሩን አስፈቅዶ፣ መጋዘን ውስጥ ከተጣሉት አሮጌ ኮምፒውተሮች ከአንዱ ፓወር ሳፕላይ ፈትቶ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ጃኬቱ ሥር ይዞ መጣ። የእናቴን ሥራ አየና አንገቱን ነቀነቀ።

«ትክክል ነው እትዬ፣ ፓወሩ ሞቷል። ይሄኛው ይሠራል። የምፈራው ማዘርቦርዱን ነው። ፓወር ሳፕላይ ሲሞት አንዳንዴ ማዘርቦርዱን ይዞት ይሄዳል።»

በዚያ ዓመት በእንግሊዝኛ ትምህርት «ማዘር» ማለት እናት እንደሆነ ተምሬ ነበር። አንዱ ሲሞት እናትን ይዞ ይሄዳል ያለ መሰለኝ። ማንንም አልጠየቅሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እናቴ ከቤት ወደ ጓሮ ስትወጣ እንኳ እከተላት ነበር፤ ስተኛ ቀሚሷን ጨብጬ ነው የምተኛው። እሷ በርዶኝ መስሏት ብርድ ልብሱን ትደርብልኛለች።

አዲሱን ሣጥን አስገብተው ብሎኑን አጠበቁ። ሶኬቱ ተሰካ፤ ቁልፉ ተጫነ። ፋኑ ዞረ። እኔ ያለቀ መስሎኝ አጨበጨብኩ። ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ፤ ከውስጥም ረዘም ረዘም ያለ ጩኸት ይመጣ ጀመር።

«ራሙ ነው» አለች እናቴ።

«እኔም እንደዚያ ነው የመሰለኝ» አለ መምህር ኑሩ። «ላጲስ አለሽ አንቺ?»

ከደብተር ቦርሳዬ አወጣሁለት። እናቴ ራም የምትባለውን ቀጭን የማስታወሻ ካርድ ነቅላ፣ ወርቅማ ጥርሶቿን በላጲሱ በቀስታ እየፈተገች ስታጸዳ፣ አባቴ ከአግዳሚው ተነሥቶ ገባና ከኋላዋ ቆመ። መለሰቻት። ቁልፉን ተጫነች። ጩኸቱ ቀረ፤ ስክሪኑ በራ፤ በጥቁሩ ላይ ነጫጭ የእንግሊዝኛ ፊደላት ተደረደሩ፤ እዚያው ላይም ቆመ።

መምህር ኑሩ ጎንበስ ብሎ አነበበው። «ሃርድ ዲስኩን አላገኘሁትም ነው የሚለው።»

ፎቶው ያለው እዚያ ውስጥ እንደሆነ እኔም አውቅ ነበር። አባቴ መቁጠሪያውን በጣቶቹ ይዟል እንጂ አይቆጥርም።

«ዲስኩ ከተቃጠለ…» አለ መምህሩ።

«ገና ነው» አለችው እናቴ። «ኬብሉን አላየንም።»

ከሲዲ ማጫወቻው ላይ ቀጭኑን ኬብል ነቀለችና የዲስኩን በእሱ ተካችው። አንድ ነገር ብቻ። እንደገና ተጫነች። ጥቁሩ ቆየ፤ በጣም ቆየ። ከዚያ ሰማያዊው ወጣ። የማውቃቸው ትናንሽ ሥዕሎች አንድ በአንድ ቦታቸውን ያዙ።

«አብሽሪ እትዬ» አለ መምህር ኑሩ፤ ከልቡ ደስ ብሎት ነበር።

እናቴ ግን ፈገግ አላለችም። መብራቱ ሳይሄድ ብላ ወዲያው ፋይሎቹን መክፈት ጀመረች። እኔ ከስክሪኑ ጥግ ያለውን ቀን አየሁ። ዓመቱ ወደ ኋላ ሄዷል፤ ደምሴ ከመሄዱ በፊት ወደነበረ ዓመት።

«እማዬ፣ ገና አልሄደም ማለት ነው?»

«ማነው ያልሄደው?»

«ደምሴ። ቀኑ እኮ…»

«ባትሪው ደክሞ ሰዓቱ ጠፍቶበት ነው» አለችኝ፤ ፊቷን ሳትመልስ።

ፎቶው ተከፈተ። ሰማያዊ ጨርቅ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ከንፈሩ ላይ ልትወጣ ያለች ሳቅ። ካሜራውን ጠምዝዤ ስለያዝኩት ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ይመስላል። አባቴ አንዴ አየውና ነጠላውን አጣፍቶ ለሠርክ ጸሎት ወጣ። እናቴ ፎቶውን እንዳይጠፋ ፍላሽ ላይ ገለበጠችው፤ ከዚያ የማተሚያው ቀለም አልቆ ስለነበር፣ በግራጫ ወረቀት እንዳይሳሳት ብላ እንድሪስን እንዲያመጣላት መምህር ኑሩን ለመነችው። እሱም ባጃጅ ይዞ ወደ እንድሪስ ሄደ።

እንድሪስን አጎቱና መምህሩ በሁለት በኩል ደግፈው አስገቡት። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ካፖርቱ ብቻ የተቀመጠ ይመስል ነበር። እናቴ ስክሪኑን ወደሱ አዞረችውና ከኋላው ቆመች። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ የፋኑ ድምፅ በደንብ ይሰማል። እንድሪስ ብዙ አላየም። አንዴ ቀና አለ፣ ከዚያ አንገቱን ደፋ።

«አብሽሩ» አለ። ሌላ ነገር አልጨመረም።

እኛ አገር አብሽር የማይባልበት ቀን የለም። ወድቄ ጉልበቴ ሲላጥ አብሽሪ እባላለሁ፤ ትኩሳት ሲይዘኝ ጎረቤቶቻችን በመስኮት አብሽሪ ይሉኛል። ከዚያ እድናለሁ። እኔ የማውቀው ይህን ነው። ጀልባ ላይ የወጣው ደምሴ ነው ማለት ነው ብዬ፣ የእናቴን ፊት እንኳ ሳላይ በሩን በርግጄ ወጣሁ። ጭቃው ጫማዬን ሲያስቀረው ትቼው ሮጥኩ።

አባቴ ጸሎቱን ጨርሶ ከሌሎቹ ካህናት ጋር ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እየወጣ ነበር። ነጠላውን ይዤ ጎተትኩት።

«አባ፣ ደምሴ አለ። እንድሪስ አየው።»

ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን ያዘኝ። እንደዚያ ፊቱ ሲበራ ያን ዓመት ሙሉ አላየሁም ነበር። «ምን አለ? እንደ አፉ ንገሪኝ።»

«አብሽሩ አለ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም። አንገቱን ደፋና አብሽሩ አለ።»

እጁ ትከሻዬ ላይ እንዳለ ከበደ። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ቀስ እያለ ሲጠፋ አየዋለሁ፤ ምን እንዳጠፋው ግን አልገባኝም። የተሳሳተ ነገር የነገርኩት መስሎኝ፣ «አብሽሩ ነው እኮ ያለው» ብዬ ደገምኩለት። አባቴ ከበሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አብረውት የነበሩት ካህናት ሰምተው ኖሮ ቆባቸውን አወለቁ።

ከቆይታ በኋላ ተነሣ። ባዶ እግሬን አየና ነጠላው ጫፍ ላይ ያለውን ጭቃ ሳይጠርግ እጄን ያዘኝ።

«ነይ፣ ቀስ ብለን እንሂድ» አለኝ።

እኔ መሮጥ ፈልጌ እጎትተዋለሁ። እሱ ግን ቀስ ብሎ ሄደ። ከቤታችን መታጠፊያ ስንደርስ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ። እንዲያ ስትጮህ ሰምቻት ስለማላውቅ መጀመሪያ የሌላ ሰው መሰለኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ወደ እኛ ቤት እየሮጠ ነበር። አብሽሩ ለሐዘንተኛም እንደሚባል ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ለለቅሶው እናቴ ፎቶውን ራሷ አተመችው። የማተሚያው ቀለም እንዳለቀ ስለነበር ሰማያዊው ጨርቅ ግራጫ ሆኖ ወጣ። ዘመድ ከጎረቤት ከተሞች፣ ከማሻም ከአቀስታም፣ በእግሩ መጥቶ በዚያ ወረቀት ፊት አለቀሰ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ከድንኳኑ አልተለዩም። ፍትሐቱን ያደረሱት ሌሎቹ ካህናት ናቸው። አባቴ ልብሰ ተክህኖ አልለበሰም፤ ከምእመናኑ ጋር ከኋላ ቆሞ፣ የልጁ ስም ካለፉት ጋር ሲጠራ ሰማ። እንድሪስ ደሴ ደርሶ ብዙ አልቆየም፤ እዚያው ሞተ። ጀልባው ላይ የወጣው የሌላ እናት ልጅ ማን እንደሆነ ግን እስካሁን አናውቅም።

መስከረም ላይ እናቴ ጥቁሯን እንደለበሰች ጽሕፈት ቤቷን ከፈተች። የትምህርት ቤት ልጆች ለመመዝገቢያ ጉርድ ሊነሡ መጡ። ከነሱ መሀል ትምህርት የጨረሱ፣ ለምን እንደሚነሡ ስትጠይቃቸው መሬት መሬት የሚያዩ ጎረምሶችም ነበሩ። አትሂዱ ብላ የለመነቻቸው ነበሩ፤ ሰምተው የሚቀሩ ግን አልነበሩም። ቆይታ መለመኑን ተወችው።

አንድ ቀን አንዱን፣ ከደምሴ በዕድሜ አነስ የሚል የክፍል ጓደኛው የነበረውን፣ አስቀምጣ አነሣችው። የጠየቃትን ያህል ቆርጣ ሰጠችው። ከዚያ አንድ ተጨማሪ፣ ተለቅ ያለ፣ አትማ ጨመረችለት።

«ይሄን ለእናትህ ስጣት» አለችው።

ልጁ ፎቶውን አገላብጦ አየው። «እናቴ ፎቶ ምን ያደርግላታል እትዬ? ፊቴን እኮ ታውቀዋለች።»

«እሷማ ታውቀዋለች» አለችው እናቴ። «የት ደረሰ ብላ ስትጠይቅ የምታሳየው ነገር እንዳታጣ ነው።»